«ያድግበታል» እና ሌሎች የቅዳሜ ተረቶች

የሰኔ ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገና አልሞላም። እናቴ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የትልቋ ልጄን የባህል ቀሚስ ጠርዝ በእጇ ትሰፋለች። መብራት ሄዷል፣ ካውያው ቀዝቅዟል፣ ነጠላው እንደተጨማደደ ነው። ትንሹ የቫዮሊን ደጋኑን የሚቀባበት ሙጫ ጠፍቶበት አልጋ ሥር በደረቱ ተኝቶ ይፈልጋል። በ3 ሰዓት የእሱ ትምህርት አለ፤ በ5 ሰዓት የእህቱ የመጨረሻ የእስክስታ ልምምድ፤ በ9 ሰዓት ደግሞ የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት። መኪና የለንም፣ እናታቸው የሆስፒታል ተረኛ ናት፣ ሰማዩም ከአሁኑ ፊቱን አጥቁሯል።

እንዲህ ባለው ቀን ሙዚቃ ከምሰማው ይልቅ ስለ ሙዚቃ የምሰማው ይበዛል። ስለ ልጅና ስለ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አያት ታውቃለች፣ የታክሲ ሾፌር ያውቃል፣ አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ከመጽሔት ሥራ የተረፈኝ አመል አለ፤ የሰማሁትን ሳላጣራ አላድርም። የዚያን ዕለት የሰማኋቸውንና ያስታወስኳቸውን በዕለቱ ሰዓት ተራ ላስቀምጣቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ትልቁን ግዛ፣ ያድግበታል»

ቤታችን ሁለት ቫዮሊን አለ። አንዱ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ የትንሹ አክስት ከዱባይ የላከችለት፣ የሚያብለጨልጭ ሙሉ ቫዮሊን ነው። ልጁ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር። አይበዛበትም ወይ ብዬ ስደውልላት የመለሰችልኝ አንድ ቃል ነው፦ «ያድግበታል»።

በዚህ ቃል ያላደገ ማን አለ? የሹራባችን እጅጌ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሏል፣ የጫማችን አፍንጫ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል፤ ልክ የሆነልን ዕለት አርጅቷል። ለሹራብ ብልሃት ነው። ለቫዮሊን ግን አይሠራም። ቫዮሊን እንደ ሕፃን ጫማ በልክ ይመረታል፤ ከሙሉው ወደ ታች ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያለ እስከ አንድ አሥራ ስድስተኛና ከዚያም በታች ይወርዳል። ስሙ ግን እንዳያታልል፤ «ግማሽ» የሚባለው ቁመቱ የሙሉው ግማሽ ነው ማለት አይደለም። የሙሉው አካል 36 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲሆን የግማሹ ከ31 ብዙም አይርቅም። አለካኩ ቀላል ነው። ልጁ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ይዞ ግራ እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ፣ የቫዮሊኑ ጥቅልል ጫፍ መዳፉ ውስጥ ማረፍ አለበት፤ ክርኑም በመጠኑ እንደታጠፈ።

የእኛ ልጅ በትልቁ ሲሞክር ጫፉ ከጣቶቹ አልፎ ሄደ። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ ትንሿ ጣቱ ክሩ ላይ አልደርስ አለች። ቫዮሊን እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚለይ ብረት አንገቱ ላይ የለውም፤ ድምፁ የሚገኘው ጣት ከጣት በሚርቀው ርቀት ነው። ርቀቱ ከእጁ ሲበልጥ የሚወጣው ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል፤ እኛም ሁለት ወር ሙሉ «ይሄ ልጅ ጆሮ የለውም» ስንል ከረምን። መምህሩ ግማሽ ቫዮሊን ያዋሰው ዕለት ነው ያጠረው ክንዱ እንጂ ጆሮው እንዳልነበር የገባኝ።

«ጆሮ የለውም» የምትለዋንም እዚሁ ላንሳት። በእርግጥ ዜማ ከዜማ መለየት የሚሳናቸው ሰዎች አሉ፤ ከተወለዱ ጀምሮ አንጎላቸው የድምፅ ከፍታን ልዩነት አይዝላቸውም። በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት ቁጥራቸውን ከመቶ 1.5 ግድም አድርጎታል። ከመቶ ልጆች አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው። በየቤቱ «ጆሮ የለውም» የሚባለው ልጅ ብዛት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

«ሙዚቃ ጭንቅላት ይከፍታል»

ይህን ያለው የራይድ ሾፌሩ ነው። ቫዮሊኑን ሲያይ በመስታወቱ ፈገግ አለና «ጎሽ! ሒሳብ ይገባዋላ!» አለኝ። ቀጥሎም እህቱ እርጉዝ ሳለች የጆሮ ማዳመጫ ሆዷ ላይ እየለጠፈች «ሞዛርት የሚባለውን» ለፅንሱ ታሰማ እንደነበር አጫወተኝ። ልጁ አሁን ስንተኛ ይወጣል ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ገና ሦስት ዓመቱ ነው!»

የዚህ እምነት የትውልድ ቀኑ ይታወቃል። በ1993 ራውሸር፣ ሾው እና ካይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን አንዴ የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ለ10 ደቂቃ አሰሟቸው፤ ሌላ ጊዜ የማረጋጊያ ቴፕ፤ ሌላ ጊዜ ዝምታ። ከዚያ ወረቀት ታጥፎና ተቀዶ ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳብ የሚያስገምት ዓይነት ፈተና ሰጧቸው። ከሞዛርት በኋላ የተፈተኑት 8 ወይም 9 ነጥብ በለጡ። ብልጫው የቆየው ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፤ አንድ ስኒ ቡና እስኪፈላ ያህል እንኳ አይሆንም። በፈተናው ውስጥ ሕፃን የለም፣ ፅንስ የለም፣ ሒሳብም የለም።

ወሬው ግን እግር አወጣ። በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዢ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ወይም ካሴት እንዲታደል 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ። በኋላ ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደጋግሙት ምሥጢሩ ሞዛርት አለመሆኑ ታወቀ፤ ሰው ደስ የሚለውን ነገር ሲሰማ ይነቃቃል፣ የነቃ ሰው ደግሞ ፈተናውን ትንሽ ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ ከ8,000 በላይ የሆኑ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች በተፈተኑበት ጊዜ የተሻለ የሠሩት ሞዛርት የሰሙት አልነበሩም፤ ብለር የሚባለውን ባንድና የዘመኑን የፖፕ ዘፈኖች የሰሙት ናቸው። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ይህን ስነግራት «እኔም ብያለሁ» አለች፤ መቼ እንዳለች አላስታውስም።

መስማት ካልሆነ መማርስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። በ2004 ቶሮንቶ ውስጥ ግሌን ሼለንበርግ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ 144 የ6 ዓመት ልጆችን በአራት መደበ፦ ኪቦርድ የተማሩ፣ ድምፅ የተማሩ፣ ድራማ የተማሩ፣ ምንም ያልተማሩ። ከዓመት በኋላ የሁሉም የአእምሮ ፈተና ውጤት አድጓል፤ ትምህርት ቤት ገብተዋልና። የሙዚቃዎቹ በ7 ነጥብ፣ የሌሎቹ በ4.3። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ አይሞላም። ድራማ የተማሩት ደግሞ ከሰው ጋር በመግባባት ከሁሉም በለጡ፤ ይቺን ማንም አይጠቅሳትም። በ2020 ሳላ እና ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ሙዚቃ ተማሪዎቹ ሌላ ነገር ከተማሩ ልጆች ጋር በተነጻጸሩበት ጥናት ሁሉ የሙዚቃው ብልጫ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

ታዲያ ሙዚቃ አንጎል ላይ ምንም አያደርግም ማለት ነው? ያደርጋል እንጂ። ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች አንጎል በ1995 ሲጠና፣ ከግራ እጃቸው ጣቶች የሚመጣውን የመንካት ስሜት የሚቀበለው ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ፤ በልጅነት የጀመሩት ላይ ደግሞ ይበልጥ። ቫዮሊን መማር ቫዮሊን መጫወት ያስችላል። እኔን ይህ ይበቃኛል፤ ሾፌሩን ግን አላረካውም። «ሒሳቡስ?» አለኝ ስንወርድ። ሒሳቡን ከፍዬ ወረድኩ።

«ካለፈው በኋላ ምን ይማራል?»

የመምህሩ ክፍል በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የምንቀመጥ ወላጆች እንደ ዕድርተኛ ተዋውቀናል። የዚያን ዕለት አንዲት አዲስ እናት የ9 ዓመት ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ አንዱ አባት አስደነገጣት፦ «በአራት በአምስት ዓመቱ ያልጀመረ እኮ በቃ፣ ጣቱ ይደርቃል።»

ጣት አይደርቅም። ከዕድሜ ጋር በእርግጥ የሚዘጋ አንድ በር አለ፤ ይኸውም አንድን ድምፅ ብቻውን ሰምቶ፣ ከምንም ሳያነጻጽሩ፣ ስሙን የመጥራት ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እና ከ7 ዓመታቸው በፊት የጀመሩ ናቸው። ግን ያለ እሱም ስንት ታላቅ ሙዚቀኛ አለ። የእኛ ቅኝት እንደውም ይህን ጨርሶ አይጠይቅም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ የሚታወቀው በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ክራር ደርዳሪ ክሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ነው።

ቀድሞ መጀመር ይጠቅማል፤ አልክድም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉም ስማቸው ከፒያኖ የማይነጠል ነበር። ግን መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገና የጀመሩት በ12 ዓመታቸው፣ ከጎረቤታቸው ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ጅማ ተወልዶ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃ የያዘው በጉርምስናው፣ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ኢትዮ ጃዝ የተወለደው ዘግይቶ ከጀመረ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለእናትየዋ ነገርኳት። ልጇ ግን እኛን አይሰማም፤ በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ነበር።

ስለ ሰዓት ብዛት የሚባለውንም እዚያው ወንበር ላይ ሰማሁ፦ «10,000 ሰዓት ከሞላ ማንም ባለሙያ ይሆናል።» ይህ ቁጥር የመጣው በ1993 በርሊን ውስጥ በቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው፤ ያስፋፋው የማልኮም ግላድዌል የ2008 መጽሐፍ ነው። 10,000 ግን ምርጦቹ ተማሪዎች በ20 ዓመታቸው የደረሱበት አማካይ ነው እንጂ በር የሚከፍት ቁልፍ አይደለም፤ ከምርጦቹም ብዙዎቹ ገና አልሞሉትም ነበር። በ2014 ጥናቶቹ ተጠቃለው ሲመዘኑ በሙዚቀኞች መካከል ካለው የችሎታ ልዩነት ልምምድ የሚያስረዳው ከመቶ 21 ያህሉን ነው። አስልቼ አየሁት፤ የእኛ ልጅ በያዘው ፍጥነት 10,000ውን የሚሞላው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው።

«ዛሬ ማታ እስኪበቃት ትለማመድ»

ይህ እንኳ የእኔ ነበር። ዋዜማውን ትልቋን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ሳሎን ውስጥ ሳስደጋግማት እናቴ ከጓዳ «አንተ ልጅ፣ ልጅቷን አስተኛት!» ብላ ጮኸችብኝ። እናቴ ልክ ነበረች። የእንቅልፍ ተመራማሪው ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ በ2002 ሰዎችን የጣት ቅደም ተከተል አስለምደው፣ ግማሾቹን በቀን ከ12 ሰዓት ቆይታ በኋላ፣ ግማሾቹን ሌሊቱን ተኝተው ሲነሡ ፈተኗቸው። የተኙት ምንም ተጨማሪ ልምምድ ሳያደርጉ 20 ከመቶ ያህል ፈጠኑ፤ ነቅተው የዋሉት ግን ብዙም አልተሻሻሉም። ከዚያ ወዲህ በመጠኑ ላይ ክርክር ተነሥቷል፤ ከፊሉ ድካም ስለወጣላቸው ነው የሚሉ አሉ። ድካም ቢወጣላትስ ምን ከፋ? በየቀኑ ሩብ ሰዓት ልምምድ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ግብግብ የተሻለ እንደሚዘልቅ ግን ማንም አይከራከርም፤ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚደረገውማ አይቆጠርም።

«እስክስታ በደም ነው፣ አይማሩትም»

በ5 ሰዓት አዳራሽ ደረስን። አሠልጣኟ አሥራ ሁለት ልጆችን በሁለት ረድፍ አቁማ ከበሮ ብቻ እያስመታች አንዷን እንቅስቃሴ ትደጋግማለች። አጠገቤ የቆመ አባት ሳቀ፦ «ለዚህ ወር በወር እከፍላለሁ! እኛ ማን አስተማረን? በደማችን ነው እኮ።»

የልጁን ትከሻ ላየ ግን ደሙ ገና አልደረሰም። ልጁ ትከሻውን ለማንቀጥቀጥ ክንዱን ያወናጭፋል፣ አንገቱን ያደርቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል። አሠልጣኟ መጥታ ሁለት እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። «ትከሻህን እርሳው» አለችው፤ «ጀርባህ ላይ ሁለት ሰፋ ያሉ አጥንቶች አሉ፤ እነሱን አንሸራትት። እጅህ ዝም ብሎ ይንጠልጠል። ተንፍስ።» ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ በአምስተኛው አንድ ነገር ተፈታ፤ እንቅስቃሴው ከአጥንቱ ተነሥቶ ወደ ትከሻው ፈሰሰ። ልጁ ራሱ ደንግጦ ቆመ። አባትየው ስልኩን አወጣ።

እኛን ያስተማረን ሰው አልነበረም? ነበረ እንጂ፤ ግን መምህር ብለን ስላልጠራነው ረሳነው። በጥምቀት ከአጎቶቻችን ጀርባ ቆመን፣ በሠርግ ከአክስቶቻችን መሐል ገብተን፣ እየተሳቀብን ለዓመታት ተምረናል። ደም ቢሆን ኖሮ የጎጃሙ እስክስታ ከወሎው፣ የጎንደሩ ከሸዋው ባልተለየ፤ ጉራጌው በእግሩ፣ ወላይታው በወገቡ ባልተጫወተ። ያደግንበት ደጅ ነው የለየን። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ያ ደጅ ከሌለው ከአሠልጣኝ ይማራል፤ ምን ያሳፍራል?

ከመወለድ ጋር የሚመጣ ነገር ካለ ምት ነው። በ2009 ሀንጋሪ ውስጥ ከተወለዱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሆናቸው ሕፃናት ተኝተው ሳለ የከበሮ ምት ተሰማቸው። ዋናው ምት ድንገት ሲዘለል አንጎላቸው «የሆነ ነገር ጎደለ» የሚል ምልክት ሰጠ። ሕፃናቱ የቡዳፔስት ልጆች ናቸው እንጂ የባህር ዳር አይደሉም። የምቱ መነሻ የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ የእስክስታውን ምት፣ ቺክቺካን፣ ትከሻ ላይ ማውጣት ግን ይለመዳል።

የዚሁ ተረት ወንድም ደግሞ አለ፦ «ወንድ ልጅ ዳንስ ምን ይሠራለታል?» ትንሹ ከእህቱ ጋር መመዝገብ ሲፈልግ ከቤተ ዘመድ የሰማነው ነው፤ «አዝማሪ ልታደርገው ነው?» ያሉም ነበሩ፤ አዝማሪነት ስድብ ይመስል። በየትኛው አገር ሆነው ነው እንዲህ የሚሉት? ሽለላና ፉከራ የማን ነው? በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ በወረብ የሚያሸበሽቡት መዘምራን ወንዶች አይደሉም? ዘመናዊውን ዳንስ ካነሣን ደግሞ አዱኛ የተባለው የአዲስ አበባ የዳንስ ቡድን ይጠቀሳል፤ በ1990ዎቹ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር ከጀመረው ሥራ ነው የበቀለው። ከዚያ ቡድን የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እና አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። ትንሹን ያላስመዘገብነው የቅዳሜው ሰዓት አልበቃ ብሎን ነው፤ ለዘመድ ግን ምክንያቱን አልነገርንም፤ ያሸነፉ እንዳይመስላቸው።

«አይዞሽ፣ ተረጋጊ»

8 ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ ጣለ። ትልቋ ከመጋረጃ ጀርባ እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘኋት። ቁርስ የበላችው ፍርፍር ብቻ ነው፤ «ሆድ ከሞላ ትከሻ ይከብዳል» ብለው የመከሯት አሉ። ሙዝና ዳቦ ሰጠኋት። ባዶ ሆድ መንቀጥቀጡን ያብሳል እንጂ አያቀልም።

ከሁሉም አፍ የሚወጣው ግን «ተረጋጊ» ነው። እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልብ እየዘለለ፣ እጅ እየላበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ወደ መረጋጋት አይመለስም፤ ፍርሃትና ጉጉት ግን ለሰውነት በጣም የተቀራረቡ ናቸው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በ2014 ባወጣችው ጥናት ሰዎችን በካራዮኬ ማሽን ፊት አቆመች። ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ የተነገራቸው ከመቶ 81 ያህል አገኙ፤ «ፈርቻለሁ» ያሉት 53፤ ምንም ያላሉት 69። የተፈተኑት አዋቂዎች ናቸው፤ ለ11 ዓመት ልጅ እንደዚያው ይሠራል ብዬ አልምልም። ግን ምን ይጎዳል ብዬ በጆሮዋ «ጓጉቻለሁ በይ» አልኳት። «አባ፣ ያስጠላል» አለችኝ። ከዚያ ዘወር ብላ የጓደኛዋን መቀነት ታስር ጀመር፤ ጓደኛዋ የእሷን ሻሽ። አሥራ ሁለቱም እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፣ አምባር ይለዋወጣሉ።

ይህን ሳይ ጀርመን ላይፕዚግ ውስጥ የተደረገ አንድ ሙከራ ትዝ አለኝ። ኪርሽነርና ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 የ4 ዓመት ልጆችን ሁለት ሁለት አድርገው፣ ግማሾቹን እየዘፈኑና ምት እየመቱ፣ ግማሾቹን ያንኑ ጨዋታ ያለ ሙዚቃ አጫወቷቸው። ቀጥሎ የአንደኛው ልጅ ብይ «በድንገት» እንዲፈስስ ተደረገ። ጓደኛቸውን በመርዳት አብረው የዘፈኑት በለጡ። ይህን እኔ ከሞዛርቱ ዘጠኝ ነጥብ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ሾፌሩን ባገኘው የምነግረው ይህንን ነበር።

«ካልጮኸ አይደምቅም»

ትርኢቱ በ9 ሰዓት ተብሎ 9 ሰዓት ከ40 ተጀመረ። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የእኔን ቁመት የሚያህሉ ስፒከሮች ቆመዋል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበታቸው ላይ ያለው ሕፃን ሲያለቅስ «ሙዚቃ አስፈርቶት ነው፣ ይለምደዋል» አሉ። ጆሮ ጩኸት አይለምድም፤ የውስጥ ጆሮ ረቂቅ የስሜት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በሳምንት ለ40 ሰዓት የፈቀደው 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ በደቂቃ ይቆጠራል። ሴትዮዋን ወደ ኋላ ወንበር እንዲሄዱ ረዳኋቸው፤ ሕፃኑም ዝም አለ።

የትልቋ ቡድን ሦስተኛ ገባ። እንደተጀመረ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ መብራት ሄደ።

ስፒከሮቹ ዝም አሉ። ለአንድ ቅጽበት የተሰማው በጣሪያው ላይ ዝናብ ብቻ ነበር። ልጆቹ ግን አልቆሙም፤ በዚያ ጨለማ የሃያ አራት እግር ኮቴ ጣውላው ላይ በአንድነት ሲወርድ ሰማን። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ እልልታ። ከበሮ የሚመታው ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ሮጦ ወጣ፤ የስልክ መብራት አንድ ሁለት እያለ አዳራሹን ሞላው። ሦስት መቶ ሰው ቺክቺካውን በእጁ ይዞ ነበር፤ ማንም አልሳተም። ትልቋ በመሐል አንድ ዙር ወደ ግራ መዞር ሲገባት ወደ ቀኝ ዞረች። እኔ ሳሎን ውስጥ መቶ ጊዜ ስላየሁት አወቅሁ። የቀኝ ጎረቤቴ፣ ያ «በደማችን ነው» ያለው አባት፣ «የእርስዎ ልጅ ትለያለች!» አለኝ። «ተመልካች ስህተት ያያል» የሚለው ፍርሃት ላይ ጥናት አልፈለግሁም፤ ይህ በቃኝ።

ማታ ቤት ስንገባ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። መብራት መጥቷል። ትልቋ ኩሏን ሳታጥብ ሶፋው ላይ ተኛች። ትንሹ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ቫዮሊን አውርዶ ክንዱን ዘረጋበት፤ አሁንም ጫፉ ከጣቶቹ ያልፋል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። መልሶ ሰቀለው።

እናቴ ቀሚሱን ልታጥፍ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጠዋት ስትሰፋ የነበረውን ጠርዝ አየሁት፤ ከሥሩ ሦስት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ በረጃጅሙ ተጠቅሟል።

«ለምን ይሄን ሁሉ አጠፍሽው?»

«ለከርሞ ይፈታላ» አለችኝ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፤ «ታድግበታለች።»